አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ

«እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ቤት እከኩም ጥፍሩም ነበረ፤ የጠፋው ማስተዋል ነበር። የዛሬው ጽሑፌ ፖለቲካ አይደለም። ስለ ሁለት አይጦች፣ ዓይን በቅጡ ስለማያየው አንድ ተባይና በዚያ ተባይ ሰበብ አንገቱን ደፍቶ ከቤቴ ስለወጣ አንድ እንግዳ ነው። ነገሩ የሆነው በ2018 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቦታውም እዚሁ አትላንታ፣ ክላርክስተን አጠገብ ያለው አፓርትመንታችን ነው። እስከ ዛሬ ለቅርብ ወዳጆቼ እንኳ አልተናገርኩም፤ ያሳፍረኝ ነበር። እንግዳው ራሱ «ጋሼ፣ ይጻፉት፤ ለሌላው ይጠቅማል» ስላለኝ ነው ልናዘዝ የተነሳሁት።

አስቀድሜ ስለ አይጦቹ ላስረዳ። እኔ ያደግሁት ጎጃም ገጠር ነው። እናቴ የጤፉን ጎታ አፍ በጭቃ የምትደፍነው ከአይጥ ለማዳን ነበር። ድመት የምናሳድገውም ለፍቅር ሳይሆን ለጥበቃ ነው። አይጥ በኛ ቤት ከሌባ በቀር ሌላ ስም አልነበራትም። እንግዲህ ከዚያ ቤት የወጣሁት ሰውዬ አትላንታ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ያኔ የ11 ዓመት የነበረችው ልጄ «አባዬ፣ አይጥ ግዛልኝ» ብትለኝ የኮምፕዩተሯ አይጥ የተበላሸባት መሰለኝ። «ያችኛዋ ምን ሆነች?» አልኳት። «አይ አባዬ፣ ነፍስ ያላትን ነው» አለችኝ።

ክርክሩ ሁለት ወር ፈጀ። እናቷ «ከአይጥ ጋር ከምኖር ቤቱን ለቅቄላቸው እወጣለሁ» ብላ ፎክራ ነበር። ልጅቷ ግን ከትምህርት ቤቷ መጽሐፍ እያመጣች ታነብልን ጀመር። ለማዳዋ አይጥ የመጣችው በከተማ ፍሳሽ ውስጥ ከሚኖረው ትልቁ ቡናማ አይጥ ዘር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለንደን ውስጥ የንግሥት ቪክቶሪያ አይጥ አጥማጅ የነበረ ጃክ ብላክ የሚባል ሰው፣ ካጠመዳቸው መካከል መልካቸው ለየት ያለውን እየመረጠ ያራባና ይሸጥ ነበር ይባላል። እንደ ድመት ራሳቸውን ሲልሱና ሲያጸዱ ይውላሉ። ስማቸውን ለምደው ሲጠሯቸው ይመጣሉ። ብቸኝነት ስለማይስማማቸው ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚያዙት። ዕድሜያቸው ግን ከ2 እስከ 3 ዓመት ቢሆን ነው። ይኼን የመጨረሻውን ስትሰማ እናቷ «በል እንግዲህ፣ ለሁለት ዓመትማ ምን ይደረግ» ብላ እጇን ሰጠች።

ሁለት ሴቶች ገዛን። ደብዘዝ ያለችዋን ሽሮ፣ ቀላ ያለችዋን በርበሬ አለቻቸው። ውላችን ግልጽ ነበር፤ የሽቦ ቤታቸው ከልጅቷ መኝታ ክፍል አይወጣም፤ ሰው ሲመጣ በሩ ይዘጋል። ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት «እነ እገሌ ቤት አይጥ አለ» ብሎ ከሄደ፣ ለማዳ ትሁን የዱር ማን ብሎ ይጠይቃል?

በዚያው ዓመት በኦክቶበር አጋማሽ የባለቤቴ የአክስት ልጅ መጣብን፤ «መጣልን» ማለት ነበረብኝ። የቦንጋ ልጅ ነው። ብራዚል ገብቶ፣ ከዚያ ኮሎምቢያን ከፓናማ የሚለየውን የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ መካከለኛው አሜሪካንና ሜክሲኮን አልፎ ድንበር ላይ እጁን የሰጠ ነው። ከዚያ በኋላ በደቡብ ጆርጂያ በሚገኝ የስደተኞች ማቆያ ሰባት ወር ታስሮ በዋስ ተፈታ። ከበሩ ላይ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በእጁ የነበረው ዕቃ በአንዲት የላስቲክ ከረጢት ይገባ ነበር።

ሳሎን ሶፋ ላይ አስተኛነው። ሌሊት ሠርቼ ጠዋት ስገባ ብርድ ልብሱን አጥፎ፣ የማታውን ሳሕን አጥቦ፣ ለልጄ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ሲያስረዳት አገኘዋለሁ። ከአይጦቹ ጋር ስታስተዋውቀው ከት ብሎ ሳቀና «እኛም አገር እንዲህ ብንቀልባቸው ኖሮ ጎተራችንን ይተዉልን ነበር» አለ። ከቤቱ ሰው ሁሉ እሱ ብቻ ነበር ያልተጸየፋቸው።

በመጣ በአምስተኛው ቀን ልጄ ማከክ ጀመረች። ወገቧ ላይ፣ ብብቷ አካባቢ፣ የእጇ አንጓ ላይ ቀያይ እብጠቶች ወጡባት። ሌሊት ይብስባታል። እናቷ ልታባብላት አብራት ብትተኛ፣ ሦስት ቀን ሳይሞላ እሷም ታክ ጀመር። እኔ ሥራዬ የሌሊት ስለሆነ የምተኛው ቀን በመኝታ ቤታችን ነው፤ ምንም አልነካኝም። እንግዳችንም ሳሎን እየተኛ አንድ ቀን እንኳ ሲያክ አላየነውም። ይህ ብቻውን ሊያነቃን ይገባ ነበር።

ሰው ግን መልሱን አስቀድሞ ከያዘ ጥያቄው አይታየውም። አንዲት ጎረቤታችን ቡና ላይ የባለቤቴን ክንድ አይታ «ያ ልጅ ከእስር ቤት አይደል የመጣው? እከክ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» አለች። ክፋት አልነበራትም። ከኛ መካከል እስር ቤት ያየ፣ በሱዳን መጠለያ ያለፈ ብዙ ነው፤ ቅማልና እከክ ምን እንደሆነ፣ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻም ስንቱን እንደጨረሱ እናውቃለን። ቢሆንም ከዚያች ቡና በኋላ ቤታችን ተለወጠ። ባለቤቴ የእንግዳውን አንሶላ ለብቻው ታጥብ ጀመር። ፎጣው ከኛ ፎጣ ራቅ ብሎ ተሰቀለ። ልጅቷ ሶፋው ላይ እንዳትቀመጥ በጥቅሻ ተነገራት። ሁሉም ነገር የሚደረገው በዝምታ ነው። ዝምታ ግን ከጩኸት ይልቅ ይሰማል።

በመጨረሻ ወንድ ነኝና እኔ ተናገርኩ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ በረንዳ ጠራሁትና «አይክፋህ እንጂ፣ ገላህን ያሳክክሃል ወይ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ቀጥሎ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ ሁለቱንም ክንዶቹን ዘረጋልኝ። «ይዩ ጋሼ» አለኝ። ክንዱ ንጹሕ ነበር። እኔም «እንዲያው ለጥንቃቄ ብዬ ነው» አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ የምለው አልነበረኝም።

ያን ሌሊት አንሶላውንና ብርድ ልብሱን ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወስዶ ራሱ አጥቦ አድርቆ አመጣ። ጠዋት ስመለስ ሁሉም ሶፋው ጫፍ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፤ እሱ የለም። ጌይንስቪል የዶሮ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ ብሎ ለባለቤቴ ነግሯት ሄዷል። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ምን አደረገ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

አንባቢ ሆይ፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ ማሳከኩ ባሰ። ጎረቤታችን ያቀበለችንን ቅባት ከአንገት እስከ እግር ብንቀባም ለውጥ የለም። ሳምንት ቆይተን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ የልጄን ጣቶች መሐል በመብራት ፈተሸች፤ አንጓዋንም አየች። የእከክ ተባይ ቆዳ ውስጥ እየቆፈረ ስለሚገባ ቀጭን መስመር የመሰለ መንገዱ ይታያል፤ እዚህ ግን የለም አለች። ከዚያም እንግዳው መቼ እንደመጣና እናንተ መቼ ማከክ እንደጀመራችሁ ጠየቀችን። «በአምስተኛው ቀን» አልናት። ራሷን ነቀነቀች። እከክ ከዚህ በፊት ይዞት የማያውቅ ሰው ተባዩ ከያዘው በኋላ ማሳከክ እስኪጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይቆያል። በአምስት ቀን አይሆንም። ደግሞም ለአጭር ጊዜ በመጨባበጥ ወይም አንድ ሶፋ ላይ በመቀመጥ እምብዛም አይተላለፍም፤ ገላ ከገላ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ መነካካት አለበት። «ለመሆኑ እሱስ ያከው ነበር?» አለችን። ሁለታችንም አቀረቀርን።

ቀጥላ «ቤታችሁ የቤት እንስሳ አለ?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ አየችኝ፤ እኔ ግድግዳውን አየሁ። ልጄ ናት «ሁለት አይጦች አሉኝ» ብላ በኩራት የመለሰችው። ሐኪሟ አልሳቀችም፣ አልተጸየፈችም። «ዛሬ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ቆዩና በሽቦ ቤታቸው ዙሪያ ነጭ ወረቀት አንጥፋችሁ እዩ» አለችን።

ያን ሌሊት ከሥራ ቀረሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በእጅ ባትሪ ስናይ ነጩ ወረቀት ላይ የተፈጨ በርበሬ የመሰሉ ነጥቦች ይርመሰመሳሉ። አንዷን በጣቴ ብጫናት ቀይ ደም ወጣት። የማን ደም ነበር? የሽሮ ይሁን የልጄ እግዜር ይወቀው። በማግስቱ ልጄ ጥቂቶቹን በስኮች ቴፕ ለጥፋ ያዘችና ሁላችንም ተያይዘን ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን።

ሐኪሙ ቴፑን በማይክሮስኮፕ አየው። ስሙ «ትሮፒካል ራት ማይት» ነው አለን። እኛ አገር ዶሮ ላይ ሲወጣ ቅንቅን የምንለው ዓይነት ነው፤ የአይጥ ቅንቅን ልበለው። አይጥ ላይ የሚወጣው ቅንቅን አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነም አስረዳን። አንደኛው ፀጉሯ ውስጥ የሚኖር ነው፤ ትከሻዋንና አንገቷን እያሳከከ በጥፍሯ ያስቧጭራታል፤ ሰውን ግን አያስቸግርም። ሁለተኛው ጆሮዋን፣ አፍንጫዋንና ጅራቷን የሚቆፍር ነው፤ ቆዳዋ ላይ ቢጫ ቅርፊት ያወጣል። ሦስተኛው የኛው ነው። ይህኛው እንስሳዋ ላይ አይኖርም። ቀን ቀን በንጣፉ፣ በእንጨቱ ስንጥቅና በግድግዳው ጥግ ይደበቃል፤ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥጣል፤ ጠግቦ ይመለሳል። ቁመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከእንቁላል ተነስቶ ለመራባት የሚደርሰው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። አይጧ ካነሰችው አጠገቧ የተኛውን ሰው ይነክሳል። ሰው ቆዳ ውስጥ ግን አይገባም፤ ሰው ላይም አይሰፍርም።

እንግዲህ ሁሉም ተገጣጠመ። ልጄ የተነከሰችው ከአይጦቹ ጋር ስለምታድር ነው፤ እናቷ እሷ ዘንድ ስላደረች ነው። እኔና እንግዳችን ያልተነካነው ያ ክፍል ውስጥ ስላልተኛን ነው። ሁለታችንም ባንነከስም፣ እኔ ንጹሕ ተባልኩ፤ እሱ ተጠረጠረ።

አይጦቹም ቢሆኑ ተበዳዮች ነበሩ። ሐኪሙ የሽሮን ጆሮና መዳፍ አሳየን፤ ደሟ ተመጥጦ ነጥተዋል። ትንሽ ብንዘገይ ትሞት ነበር አለን። ታዲያ ቅንቅኑ ከወዴት መጣ? ሐኪሙ «በቅርቡ ንጣፍ ለውጣችኋል?» ሲል ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። እንግዳው በገባበት ሳምንት፣ በረንዳው ላይ ባለችው ትንሽ ዕቃ ቤት በጋውን ሙሉ ተቀምጦ የነበረውን የእንጨት ፍቅፋቂ ከረጢት አውጥታ ከፍታ ነበር። በዕቃ ቤቷ ግድግዳ ቀዳዳ በኩል የዱር አይጦች ይገቡ እንደነበር በኋላ ጥራጊያቸውን አይተን አረጋገጥን። ከረጢቱም ታችኛው ጠርዙ ተቦጭቋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤታችን ሁለት ነገር ገባ፤ አንድ ሰውና አንድ ከረጢት። ሰውየውን ጠረጠርነው፤ ከረጢቱን ያየው የለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ አይደለም ትላላችሁ?

ለሚመለከተው ሁሉ ይጠቅም ዘንድ ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ። አይጦቹ በክብደታቸው ልክ የተመጠነ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ በየሁለት ሳምንቱም ተደገመላቸው፤ ከእንቁላል በኋላ የሚፈለፈለው እንዳያመልጥ ነው። የእንጨትና የካርቶን መጫወቻቸውን በሙሉ ጣልን። የሽቦ ቤቱን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብን። አንሶላ፣ ትራስ፣ መጋረጃ ሁሉ በሙቅ ውሃ ታጥቦ በማድረቂያ ደረቀ። ምንጣፉን፣ የግድግዳውን ጥግና የአልጋውን ሥር በየቀኑ በቫኪዩም ጠረግን፤ የቫኪዩሙን ከረጢትም አስረን ወዲያው ከቤት አወጣን። የእንጨቱን ንጣፍ ትተን በወረቀት ለወጥን፤ አዲስ ንጣፍ ሲገዛም መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ይከርማል። የበረንዳው ቀዳዳ ተደፈነ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ግድግዳ ውስጥ ያለውን የዱር አይጥ ብቻ ገድሎ ቅንቅኑን መተው መዘዝ አለው። የሚመጥጠው ያጣ ቅንቅን ጎጆውን ትቶ ወደ ሰው ይመጣል። ሁለቱን ባንድነት ነው ማጥፋት። ደግሞ ለበረሮ የተገዛ መርዝ አይጦቹ ላይ እንዳትነፉ፤ ትገድሏቸዋላችሁ።

ስለ ለማዳ አይጥ የሚያስፈራው ቅንቅን ብቻ አይደለም። በ2017 ሶል ቫይረስ የሚባል በሽታ ከለማዳ አይጦች ወደ ሰው ተላልፎ፣ እዚሁ አትላንታ ክሊፍተን መንገድ ያለው ሲዲሲ ምርመራ አድርጎ ነበር፤ በሽታው ከተደረሰባቸው 11 ክፍለ ግዛቶች አንዷ ጆርጂያ ናት። ያ የሚተላለፈው በሽንታቸውና በኩሳቸው እንጂ በቅንቅን አይደለም። ስለዚህ አይጥ የነካ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ያለበት ቤትም ቢቀርበት ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ ካሳለፍኩ በኋላ ስለ ቅንቅን ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ጀመር። አንድ ታሪክ አልረሳውም። በ1946 በኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ኪው ጋርደንስ በሚባል ሰፈር የአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች ትኩሳትና ሽፍታ ባለው በማይታወቅ በሽታ እየተያዙ ሐኪሞችን ግራ አጋቡ። ቻርልስ ፖሜራንትዝ የሚባል፣ ሥራው ተባይ ማጥፋት የሆነ፣ ስለ ነፍሳት ግን ራሱን ያስተማረ ሰው ወደ ሕንፃው ሄዶ ፈተሸ። ግድግዳው ላይ ደም የጠጡ ቅንቅኖች አገኘ፤ ከቤት አይጦች የመጡ ናቸው። ሮበርት ሂዩብነር የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ ከዚያ ተነስተው የበሽታውን ምክንያት አረጋገጡ። በሽታው ዛሬ ሪኬትሲያልፖክስ ይባላል። እኔን የመሰጠኝ ፖሜራንትዝ ሰውን ትቶ ግድግዳውን ማየቱ ነው። እኔ ግድግዳውን ያየሁት ሐኪሟ «የቤት እንስሳ አለ?» ስትለኝ ብቻ ነው፤ ያውም ከኀፍረት የተነሳ።

አሁን ወደ ከባዱ ልመለስ። የእንስሳት ሐኪሙ ለአይጦቹ የሰጠው መድኃኒት ኢቨርሜክቲን ነው። ስሙን ስሰማ የት እንደማውቀው ግራ ገባኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ብልቃጡን አይታ ቁጭ አለች። «ይኼ እኮ ሜክቲዛን የሚሉት ነው። ልጁ ቦንጋ እያለ የሚያድለው መድኃኒት» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢቨርሜክቲን የተገኘው ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአፈር ካወጣው ባክቴሪያ ነው፤ ከእሱና ዊልያም ካምቤል ከሚባለው ተመራማሪ ሥራ። ሁለቱም በ2015 በዚሁ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በመጀመሪያ ለእንስሳት ተባይ የዋለው ይህ መድኃኒት ኦንኮሰርኪያሲስ ለሚባለው፣ በወንዝ ዳር ጥቁር ዝንብ ለሚተላለፈው በሽታ ፍቱን ሆነ። ሜርክ የተባለው ኩባንያ በ1987 ለዚህ በሽታ በነፃ ሊሰጠው ወሰነ። በአገራችን በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ በሽታው ብዙ ሰው ይዟል፤ በከፋ በኩል ዓይን ከማጥፋቱ ይልቅ ቆዳን በማሳከክ ነው የሚያሠቃየው። ከ2001 ጀምሮ በከፋና በሸካ ክኒኑን ለሕዝብ ለማደል የረዳው፣ እኛ በየቀኑ በበሩ የምናልፈው የአትላንታው የካርተር ማዕከል ነው። አዎን፣ በ1989 የደርግ መንግሥትና የሻዕቢያ ልዑካን ለድርድር የተቀመጡበት ያው ግቢ። ክኒኑን በየቀበሌው የሚያድሉት ከሕዝቡ የተመረጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሚዛን ስለሌለ የሰውን ቁመት በምልክት በተከፋፈለ እንጨት ለክተው ነው ስንት ክኒን እንደሚሰጡት የሚያውቁት። የኛ እንግዳ ከነዚያ አንዱ ነበር። ይኸው መድኃኒት ለእከክም ይታዘዛል። ማለት፣ ስለ እከክ ከቤቱ ሁሉ የበለጠ የሚያውቀውን ሰው ነው እኛ በእከክ ጠርጥረን ያባረርነው።

(እግረ መንገዴን፦ ይህ መድኃኒት ለአይጥም ለሰውም የሚሰጠው በክብደት ተመጥኖ በሐኪም ትዕዛዝ ነው። በ2021 በኮቪድ ሰሞን ለፈረስ የተዘጋጀውን እየገዛ የጠጣ ሰው ሆስፒታል ገብቷል። ከእንስሳ መደብር ገዝታችሁ በግምት አትስጡ፣ አትውሰዱም።)

ስልክ ለመደወል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሰው በሞተ ጊዜ ለማርዳት እንኳ እንዲህ አልተንቀጠቀጥኩም። ሲያነሳ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ወረቀቱን፣ ነጥቦቹን፣ ከረጢቱን፣ መድኃኒቱን። «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሽሮስ ዳነች?» ብሎ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ። «ጋሼ፣ እኛ አገር በሚያሳክክ በሽታ ምክንያት ሰው ከሰው ሲርቅ፣ ከድግስ ሲቀር አይቻለሁ። ክኒኑን ይዤ ቤት ለቤት የዞርኩት ለዚያ ነበር። እዚህ ይገጥመኛል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።» አንባቢያን፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በእውነቱ ከዚህም የባሰ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። እኔ ራሴ በ1989 ከሱዳን ገዳሪፍ አትላንታ ስገባ አንድ ዘመዴ ያልሆነ ያገሬ ሰው ቤት ሶፋ ላይ ሦስት ወር ተኝቻለሁ። ያን ጊዜ በእውነት እያከክሁ ነበር የመጣሁት። የቤቱ እመቤት በሦስተኛው ቀን ቅባት ገዝታ መጣችና «ይህ አገር ቆዳ ያደርቃል፤ ሐኪም ሁላችንም እንድንቀባ አዟል» አለች። እሷም ተቀባች፣ ባሏም ተቀባ፣ ልጆቹም ተቀቡ፣ እኔም ተቀባሁ። የሁላችንም አንሶላ በአንድ ቀን ታጠበ። የኔ እከክ እንደሆነ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ማንም ለይቶ አልጠየቀኝም። ሕክምናውም ቢሆን እንዲያ ነው የሚታዘዘው፤ እከክ ሲገባ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ላይ ይታከማል። ያቺ ሴት ትክክለኛውን ሕክምናና ትክክለኛውን ጨዋነት ባንድ ቅባት ሰጠችን። እኔ ግን ከ29 ዓመት በኋላ ተራው ሲደርሰኝ ሰውን በረንዳ ላይ አውጥቼ ክንዱን አስዘረጋሁት።

ለገና፣ በጃንዋሪ 2019 ልጁ ከጌይንስቪል መጣ። ባለቤቴ ዶሮውን ከሌሊቱ ጀምራ ስትሠራ አደረች፤ እሱ ግን «ዶሮ በፋብሪካ ስገትር ውዬ ዶሮ!» ብሎ አሳቀን። የልጄ ክፍል በር ተከፍቶ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለእንግዳም አልተዘጋም። ልጄ በርበሬን ትከሻው ላይ ልታወጣበት ስትል «ኧረ የለም፣ እስከዚህ አንቀራረብም» ብሎ አመለጠ። ማታ ሊሄድ ሲነሳ «እዚሁ እደር» አልነው። ሶፋው ላይ አደረ። ጠዋት ስነሳ ብርድ ልብሱ አልታጠፈም፤ ተጠቅልሎበት ለጥ ብሏል። ይቅርታ እንዳደረገልን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሽሮና በርበሬ ዕድሜያቸውን ጨርሰው በ2020 ተራ በተራ ሞቱ። ልጄ ዛሬ ኮሌጅ ናት። እንግዳችንም ወረቀቱ ተሳክቶለት የራሱን ቤት ተከራይቷል፤ እሱም በተራው ሶፋው ላይ ሰው አስተኝቷል። አንድ ቀን እየሳቀ «ጋሼ፣ ቢያክም አልጠይቀውም» አለኝ።

እኔም ለእናንተ የምለው ይኸው ነው። ክላርክስተን፣ ዲኬተር፣ ስቶን ማውንቴን፣ በየአፓርትመንቱ ዛሬም አዲስ ሰው ሶፋ ላይ ይተኛል። ቤታችሁ የሚያሳክክ ነገር ሲገባ መጀመሪያ ጥጉን፣ ከረጢቱን፣ ግድግዳውን ፈትሹ፤ ሐኪም ጠይቁ። ሰውን በጣት መጠቆም አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የወጣውን ሰው ለመመለስ ግን እኔን እስከ ገና ድረስ ፈጅቶብኛል፤ ያውም የሚመለስ ሰው ስለነበረ ነው።

ቸር ይግጠመን።

(ከአትላንታ፣ ጆርጂያ)